የአልኮሉ ቁልፍ

ከሞጣ ወደ ቢቸና በሚጓዘው ሚኒባስ ነርሷ ፈንታነሽ ከጎኗ ለተቀመጠችው ለአክስቷ ልጅ ለባንቺዓለም ታወራለች። ድምጿ ግን ጋቢና ድረስ ይሰማል፤ ጋቢና ደግሞ የጨቅላ ሕፃናት ክፍሏ ኃላፊ ተቀምጣለች።

«ጤፉ ዘንድሮ አማረበት አይደል፣ ባንቺ? አክስቴስ፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? … እኔማ ደኅና ነኝ። ዕድሜ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ የንብረት አያያዝ እየተማርኩ ነው። የእጅ ማሻውን አልኮል ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ… እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ከወዴት ይገኛል? ሱፐርቪዥን ሲመጣ ትደረድረዋለች፤ ሲሄድ ትመልሰዋለች። ጠብታ አልጎደለም! የምስክር ወረቀት ሰጧት፤ ሲያንሳት ነው።

ምን መሰለሽ፣ አንዳንድ ጨቅላ ክንዱ ላይ ደም ሥር አይገኝለትም። በእትብቱ በኩል ቀጭን ቱቦ እናስገባለታለን፤ ጫፉ ልቡ አጠገብ ይደርሳል። እኛ ነዝናዞቹ ታዲያ ቱቦውን በነካን ቁጥር እጃችንን በአልኮል ካላሸን፣ መክፈቻውን ካልጠረግን እንላለን። ከየጁቤ የመጣችው ይርጋነሽ ባገባች በስምንት ዓመቷ ያገኘችው ልጅ እንዲህ ያለ ቱቦ ነበረው። ያን ቅዳሜ ቁልፉ የት ዋለ በይኝ? ደብረ ወርቅ፣ ዝክር ላይ! ከባለቤቱ ጋር ተሳልሞ መጣ… ቁልፍስ ቢሆን በረከት አያምረውም? እኛ ጋ የውሃ ቧንቧው ከሐሙስ ጀምሮ ደርቋል። መድኃኒቱ ሰዓት አለው፤ በዚያው ባልታጠበ እጃችን ሰጠነው። የኔም እጅ አለበት፣ አልክድም፤ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ሰኞ ሕፃኑ በትኩሳት ነደደ። ቱቦው ወጣ፤ ዛሬ ጠዋት ስወጣ ጡት አልያዘም። ‹የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች› ይላሉ አይደል? የኛዋ ግን ጎበዝ ናት፤ የቆጡም አለ፣ የብብቷም አለ። የወደቀው የሰው ነው።

ምነው፣ የጋቢናው ሬዲዮ ጠፋ እንዴ?

ኧረ የምሥራቹን ሳልነግርሽ! ጠንቃቃዋ ባልደረባዬ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል። አሜን በይ እንጂ፣ ባንቺ! ማርያም በሽልም ታውጣት። ልጇንም እንደ እሷው ያለ ቆጣቢ እጅ ይቀበልላት።»