ዘጠኝ ወር የኖረው ሊግ

እንዴት ዋልሽ ኦልቪና? ቀሚሴ ደረሰልኝ? አይ፣ አልቸኩልም፣ ተረጋግተሽ ሥሪ። ጫፉን ብቻ እጠፊልኝ ብዬሽ አልነበር፤ እሱን እስክትጨርሺ እዚችው ቁጭ እላለሁ። ምን ዓይነት ሙቀት ነው የዛሬው? ከባሕሩ እንኳ ነፋስ ጠፋ። ጠዋት ዓሣ ገበያ ወርጄ ነበር፣ ይኸውልሽ ይቺን የመሰለች ቀይ ዓሣ አገኘሁ። ለምሳ በኮኮናት እሠራታለሁ፣ ሙዙንም እቀጠቅጣለሁ፤ መርፌሽን ወዲያ በይና ነይ ብዪ።

በረንዳሽ ላይ እንግዳ አለ እንዴ? ስገባ ሰላም አልኩት… አልኳቸው ልበል፣ ነጭ ሸሚዝ ነው የለበሱት። በያዙት ፋይል ፊታቸውን ያራግባሉ፣ ምስኪን። የዳንግሪጋ ሙቀት እዚህ ላልተወለደ ሰው ይከብዳል። ውሃ ስጪያቸው እንጂ። መስኮቱን ግን አትዝጊው፣ ክፍት ይሁን። እኔ ምን ምስጢር አለኝ? ስለ ኳስ ነው የማወራሽ።

ዛሬ የቡድናችንን የሻላዎችን አሮጌ ማልያዎች ከሣጥን አውጥቼ አሰጣኋቸው። ዐሥራ አራት ዓመት ያጠብኳቸውን። ሰባት ቁጥሩን ሳይ ሳቄ መጣ፣ የዚያ ሊግ ዓርማ አሁንም ደረቱ ላይ አለ፣ አልለቅም ብሎ። ስምንት ዓመት ሆነው እኮ። ሊጉ ካለቀ ስምንት ዓመቱ፣ ዓርማው ግን አለ… ሙጫው ጥሩ ነበር ማለት ነው።

ብሔራዊ የአንድነት ሊግ። ከሰሜን ኦሬንጅ ዎክ እስከ ደቡብ ፑንታ ጎርዳ ስድስት ቡድን። ያቋቋሙት ሰውዬ… ስማቸውን ልጥራ? አልጠራም። የትልቅ ሰው ስም በየልብስ ሰፊው ቤት አይጠራም። ግን ምን ዓይነት አንደበት ነበራቸው እባክሽ? የመክፈቻው ቀን አልነበርሽም? አንድ ሰዓት ተኩል ተናገሩ። ኳሱ መሐል ሜዳ ላይ ተቀምጦ፣ ተጫዋቾቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው፣ የማርሽ ባንዱ ጡሩምባውን አቅፎ… የፑንታ ጎርዳው ግብ ጠባቂ ቋሚውን ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። ራእይ፣ አሉ። ትውልድ፣ አሉ። መቶ ዓመት የሚኖር ሊግ፣ አሉ። ከዚያ ዝናብ መጣና ሁሉም ሮጠ። ጨዋታ ለማየት ሄደን ንግግር በነጻ ጠግበን ተመለስን። ዛሬ እንዲህ የሚናገር ሰው ከየት ይገኛል?

ሊጉስ? ከማርች እስከ ኖቬምበር። ዘጠኝ ወር። ሌላው ሰው በዘጠኝ ወር አርግዞ መውለድ ብቻ ነው የሚችለው፤ እሳቸው ወለዱት፣ አሳደጉት፣ ቀበሩት። ቅልጥፍና ነው።

ደስ ግን ይል ነበር፣ እውነቴን ነው። ሳን ኢግናሲዮ ላይ ወንዙ ሞልቶ ግማሽ ሜዳ ሲሰምጥ በደረቀው ግማሽ ብቻ ተጫውተን ሦስት ለዜሮ አልረታንም? ዳኛው በብርቱካን መኪና ተጭኖ መጥቶ፣ ቢጫ ካርድ ሊያወጣ ሲል ከኪሱ ብርቱካን የወደቀውስ? የተቀጣው ልጅ አንሥቶ እየላጠ ሲበላ እኔ ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ልወድቅ ነበር በሳቅ። አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፈን ፍጻሜ ደረስን።

ወንድሜን ታስታውሺዋለሽ ያኔ? ፕሩደንሲዮ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ በዚያ በተበላሸ ጉልበቱ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲጫወት አንዲት ዋንጫ ነክቶ አያውቅም። ዋንጫ ይዤ አንድ ፎቶ ልነሣ፣ ከዚያ ጫማዬን እሰቅላለሁ አለ። ለፎቶው ብሎ ጢሙን ተላጨ። አገጩ ምን እንደሚመስል እኔ እኅቱ ራሴ ረስቼው ነበር።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። የፍጻሜ ጨዋታ፣ ዋና ከተማው ቤልሞፓን፣ ኖቬምበር አሥራ ዘጠኝ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት።

አሥራ ዘጠኝ። አባቶቻችን በጀልባ መጥተው ከባሕር የወጡበት፣ በየዓመቱ የምናከብረው ቀን። ንጋት ላይ ጀልባዎቹ ካሳቫና የሙዝ ቅጠል ጭነው በከበሮ ሲገቡ፣ ከተማው ሁሉ ወንዙ አፍ ላይ ቆሞ ሲዘፍን… ያን ጠዋት ዳንግሪጋ ውስጥ ውሻ እንኳ ቤት አይገኝም። የፊተኛው ጀልባ ከበሮ ደግሞ የኛ ቤት ድርሻ ነው፤ ከአያቴ ለአባቴ፣ ከአባቴ ለፕሩደንሲዮ። የሊጉ ጸሐፊ ትሆናለች የተሳሳተችው ብለን ስልክ ደወልን። ይጠራል፣ አይነሣም። በማግሥቱም ይጠራል፣ አይነሣም። ትልቅ ሰው ሥራ ይበዛበታል።

እኔ ግን ተከራከርኩላቸው። አያውቁም ይሆናል አልኩ። የሩቅ ሰው የኛን ነገር ከየት ያውቀዋል? … ብቻ አንድ ልጅ ትዝ ይልሽ የለም? ከዚህ ሁለት ቤት ዝቅ ብሎ፣ ማንጎው ሥር ያሉት ሰዎች ልጅ። በበዓሉ ጀልባው ላይ ካልወጣሁ ብሎ አልቅሶ አልቅሶ፣ አባቴ አንጀቱ አልችል ብሎት ከፊት አስቀመጠው። ባሕሩ አጥወለወለውና አባቴ ከበሮ ላይ… እንግዲህ ምን ልበልሽ፣ የበላውን ቁርስ በሙሉ። አባቴ ሳይቆጣው ከበሮውን በባሕር ውሃ አለቅልቆ መምታቱን ቀጠለ። በሚቀጥለው ዓመትም አሳፈረው። ያ ልጅ የት ደርሶ ይሆን? ትልቅ ቦታ ደርሷል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሸሚዝ አይቆሽሽበትም አሉ።

ውይ፣ እንግዳሽን ሳል ያዛቸው። ውሃ ስጪያቸው ብዬሽ የለም?

እና የዚያን ቀን ምን ብናደርግ ጥሩ ነው? ጀልባዎቹ ገቡ፣ ቄሱ ባረኩን፣ እንደ እርጥብነታችን አውቶቡስ ላይ ዘለልን። ተጫዋቾቹ የዘንባባ ቅጠሉን ከራሳቸው ሳይፈቱ፣ ከበሮው ጭናቸው ላይ፣ የካሳቫ ቂጣ እየገመጡ። ሹፌሩ ያን ዳገት እንዴት እንደነዳው እሱና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት። ሦስት ሰዓት ከአርባ ደረስን።

ጨዋታው አልቋል። እንዴት ያለ ጨዋታ መሰለሽ። ተጋጣሚዎቻችን እኛ በሌለንበት ገብተው፣ ዳኛው ፊሽካ ነፍቶላቸው፣ ባዶ ጎል ላይ አንድ አግብተው፣ ተቃቅፈው ተንከባለሉ። አግቢውማ ማልያውን አውልቆ ሜዳውን ዞረ አሉ። ዋንጫውን ሰውዬው በገዛ እጃቸው ለቡድኑ ባለቤት አስረከቡ… የሚስታቸው ወንድም ነው መሰለኝ፣ አላጣራሁም። ቤተሰብ ሲዋደድ ማየት ደስ ይላል። እኛ ስንደርስ ሩዝና ዶሮ ቀርቦላቸው እየበሉ ነበር።

ፕሩደንሲዮ በዚያ በተላጨ አገጩ ወደ ሰውዬው ቀርቦ፣ ጌታዬ፣ ተመልካቹም አለ፣ እኛም መጥተናል፣ እንጫወት አላቸው። በጨዋ ቃል። ሕግ ሕግ ነው አሉት። እንዲህ ሕግ የሚያከብር ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? የአባቴን ከበሮ እያዩ፣ ዓይናቸው ሳይርገበገብ።

ታዲያ ምን እናድርግ? መታነው። ከበሮውን። ያ ሁሉ ተመልካች ከመቀመጫው ተነሥቶ ሜዳ ገባ። የነሱም አግቢ ማልያውን እንዳወለቀ መጥቶ ጨፈረ፣ ዳኛውም ጨፈረ፣ ሩዝና ዶሮውን የምታድለው ሴትዮ ጭልፋዋን ይዛ ጨፈረች። እስከ ቀትር። ዋንጫው ጠረጴዛ ላይ ቀረ፣ አጠገቡ አንድ ሰው ብቻ ቆመው። ጥሩ ጠባቂ ነበሩ።

ከዚያ ቡድኖቹ አንድ በአንድ ለቀቁ። ሰውዬው በሬዲዮ ቀርበው፣ ሕዝቡ ለሊግ ገና አልደረሰም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኛ እስከ ሦስት ሰዓት ከአርባ አልደረስንም ነበር።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ሜዳ አልገባም። ጉልበቱ በዚያው ዓመት ቆረጠ። እስከ ዛሬ ፍጻሜ ጨዋታ በሬዲዮ ሲተላለፍ ተነሥቶ ያጠፋዋል። እሱ ያንገበግበኛል ኦልቪና፣ አልዋሽሽም። ተይው… መሳቅ ይሻላል።

ይሄ መቀስሽ የተቀመጠበት ወረቀት ምንድን ነው? አዲስ ሊግ? ደግሞ ሌላ? እስቲ ልየው። «የዳንግሪጋ ክለቦች ጸሐፊ ማኅተም እዚህ ይረፍ።» አንቺን እኮ ነው። ያላንቺ ማኅተም ዳንግሪጋ አይገባም፣ ያለ ዳንግሪጋ ደግሞ ስታዲየም የሚመጣ ሰው የለም። ይሄን የጻፈ ሰው ብልህ ነው። ታትሚበታለሽ? እኔ ምን አገባኝ። ፕሩደንሲዮ አሠልጣኝ ከሆነ ወዲህ ልጆቹ አምሮባቸዋል፣ ዋንጫ ይገባቸዋል… ዳግመኛ በዚያው መንገድ ሲመለስ ማየት ብቻ አልችልም።

መርሐ ግብሩንም ሰውዬው አያይዘውታል። ኖቬምበር አሥራ ዘጠኝ… ባዶ። በቀይ እስክሪብቶ ከብበው «ዕረፍት» ብለውበታል። አየሽ? ስምንት ዓመት ፈጀ እንጂ ሰው ይማራል። እኔ እኮ ይቅር ልላቸው ነው፣ እዚህ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶልኛል…

ቆይ። ሻላዎች ከነማን ጋር ነው የሚለው? ከሚስታቸው ወንድም ቡድን። ቤልሞፓን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ከገና ማግሥት።

ከገና ማግሥት ኦልቪና። ጭምብሉ ተደርጎ፣ ዛጎሉ ጉልበት ላይ ታስሮ፣ ከቤት ቤት በሚጨፈርበት ጠዋት። ከሻላዎች ስምንቱ ጨፋሪ፣ ሦስቱ ከበሮ መቺ ናቸው። ይሄን የማያውቅ የዳንግሪጋ ልጅ አለ?

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሆዴን ያዥልኝ… ሳቁ አልለቅ አለኝ። እና ሰው ደግሞ ሰውዬው ይረሳሉ እያለ ያማቸዋል። ይረሳሉ? ዓመቱ ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቀን አለው። ሁለት ጊዜ ጣታቸውን አሳረፉ፣ ሁለቱንም ጊዜ እኛ መምጣት የማንችልበት ቀን ላይ። እኔ የገዛ ልደቴን የምረሳ ሴት በዚህ ማስታወስ እቀናለሁ። ተወልጄ ያደግሁበትን ሰፈር ከነበዓሉ፣ ከነሰዓቱ እንዲህ በልቤ መያዝ ብችል…

ምነው፣ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ መለስሽው? በኔ ምክንያት እንዳይሆን፣ እኔ ለቀሚሴ ነው የመጣሁት። ቁልፉንም አዞርሽው? ይሁን፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ወረቀቱን ለባለቤቱ እኔ አደርስልሻለሁ፣ መንገዴ በበረንዳው ነው።

ጫፉ ደግሞ እንዴት አምሯል፣ እጅሽ ይባረክ። እንግዳሽ ተነሡ እንዴ? ውሃውን ሳይጠጡ? ትንሽ ይቆዩ እንጂ፣ ያን የሊጉን ሰውዬ ሳልመርቅ አልወጣም፤ ምርቃት ማንም ቢሰማው አይጎዳም። በይ አሜን በዪኝ። እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላቸው፣ የልጅ ልጅ ያሳቅፋቸው። አርጅተው ደጅ ላይ ተቀምጠው፣ ዛሬስ ማን ይመጣልኝ ይሆን እያሉ መንገድ መንገዱን የሚያዩበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ… እሳቸው እኛን እንዳልረሱን ሁሉ፣ ልጆቻቸውም እሳቸውን አይርሷቸው።