ሄስተር ፈቃድ ያወጣች ጊዜ

የማክሰኞው አውቶቡስ ከሃክልዊክ ወደ ገበያ ሲነሣ ዝናቡ መስኮቱን ይገርፈው ነበር። ሄስተር ብሬይስዌይት ከወዳጇ ከሙሪየል ጎን ተቀምጣ ጃንጥላዋን ስታራግፍ፣ ከኋላቸው ባለው ወንበር ላይ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ስቦ የተቀመጠውን ሰው አየችው። አየችና ዞር አለች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። የሙሪየል ጆሮ ደህና ነው፤ ከሦስተኛ ቤት ማንኪያ ሲወድቅ ትሰማለች። ሄስተር ግን ለዛሬ ደንቆሮ አደረገቻት።

«አንቺ ሙሪዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት አደረልሽ? ይሄ እርጥበት እኮ አጥንት ድረስ ነው የሚገባው። በጋ ነው ብለው ካፖርት አስለበሱን! ደግሞ ይቺ አረንጓዴ ሻርፕ እንዴት አምራብሻለች... ያቺ ሐሙስ የጨረስሻት አይደለችም? እስኪ ቀና በይ... አንድም የተንሻፈፈ መስመር የላትም። አንድ ብርጭቆ የፖም ጠጅ ጠጥተሽ እንደሠራሻት ማን ያምናል? የሚያምን ሰውስ ቢኖር... አይ፣ ይቅር። ጠዋት ጠዋት ሰው አላማም።»

ሙሪየል ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷታል።

ሄስተር የክር ሱቅ አላት። ባሏ ዊልፍ ከሞተ ወዲህ ደንበኛው እየሳሳ መጥቶ፣ ሱቁን ሕይወት የሚዘራበት የሐሙስ ከሰዓቱ ቡድን ብቻ ነበር። ዘጠኝ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ባል የሞተባቸው፤ ለሆስፒታሉ ጨቅላዎች የሱፍ ኮፍያ ይሠራሉ። ሄስተር ከኮፍያው ጋር አንድ አንድ ብርጭቆ የፖም ጠጅ ብትሸጥላቸው ሱቁም ይተነፍሳል፣ እነሱም ይጫወታሉ ብላ አሰበች። በእንግሊዝ አገር ግን መጠጥ የሚሸጥ ሰው፣ አንዲት ብርጭቆም ብትሆን፣ ከከተማው ምክር ቤት ፈቃድ ማውጣት አለበት። በሰባ ዓመቷ ኮርስ ገብታ፣ ፈተና ተፈትና አለፈች። ማመልከቻዋን አስገባች። መከራዋ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

«እኔ ግን ሙሪዬ፣ በዚህ ዘመን ለሰው የሚቆረቆር ጠፋ ሲባል እሰማለሁ። ማን አለ ጠፋ? እኛ መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ሰው አሉ... ስም አልጠራም። እንዲህ ያለ የከበረ ስም በኔ አፍ ለምን ይንገላታል? ያን ማስታወቂያ ሃያ ስምንት ቀን መስኮቴ ላይ መለጠፍ ነበረብኝ አይደል? ተቃዋሚ ካለ አይቶ ይናገር ዘንድ፣ ፈዛዛ ሰማያዊ ወረቀት ላይ፣ ሕጉ እንደሚለው። አላፊ አግዳሚው በጨረፍታ አይቶት ያልፋል። እሳቸው ግን ቆሙ። አነበቡ። በማግስቱ ማስመሪያ ይዘው መጥተው ፊደሉን ለኩት! በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከቀለም ቤት ናሙና አምጥተው ሰማያዊው የሚፈለገውን ያህል ፈዞ እንደሆነ አመሳከሩ። ዊልፍ ነፍሱን ይማረውና፣ አርባ ዓመት አብሮኝ ኖሮ የዓይኔን ቀለም አያውቅም ነበር። ታዲያ እንዲህ የሚያስተውል ወንድ ከየት ይገኛል?

«ጊዜውንስ ከየት ያመጡታል? ሌላው ሰው ልጅ ይጠይቀዋል፣ ወዳጅ ለምሳ ይጠራዋል፣ ጊዜ ያጣል። እሳቸውን እግዜር ከዚያ ሁሉ ጣጣ ገላግሏቸው...»

ከኋላ ወንበሩ ሲጥጥ አለ። ሄስተር ጓንቷን አውልቃ በጉልበቷ ላይ በእርጋታ አስተካከለች።

«ከዚያ ተቃውሟቸውን ጻፉ። አሥራ አንድ ገጽ! ልጅ እግር ሆኜ እንኳ አሥራ አንድ ገጽ የጻፈልኝ ወንድ የለም። ሕጉ ደግሞ ዝም ብለሽ "አልወደድኩትም" ብትዪ አይሰማሽም። ወይ ወንጀል ያመጣል፣ ወይ የሰው ደኅንነት ያሰጋል፣ ወይ መንደር ይረብሻል፣ ወይ ልጆችን ይጎዳል ብለሽ ማሳየት አለብሽ። ከአራቱ አንዱ ይበቃል። እሳቸው ንፉግ ናቸው እንዴ? አራቱንም ጻፉ! ሞቅ ያላት ሴት የሹራብ መርፌ ይዛ መንገድ ብትወጣ ሕዝቡ ምን ይውጠዋል አሉ። ቤቲን አስቢያት እስኪ... ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ በር ለመክፈት ሁለት ሰው ያግዛታል... አገር ስታሸብር። ሕፃናቱንም አልረሱም። የሰከረ ሰው የሠራው ኮፍያ ይንሻፈፍና ጨቅላው ዓይን ላይ ይወርዳል፣ ልጁም ዓለምን ሳያይ ያድጋል አሉ። አየሽ አርቆ ማሰብ? እኔ እናት ሆኜ ይሄ አልታየኝም!»

ሄስተር ይህን ስትል ሳቅ ሳቅ አላት እንጂ ያን ቀን አልሳቀችም። በምክር ቤቱ አዳራሽ ጉዳዩን የሚሰሙት ሦስት አባላት ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አሁን አውቶቡሱ ላይ ከኋላዋ የተቀመጠው ያ ሰው አሥራ አንዱን ገጽ አንድ ፊደል ሳያስቀር ሲያነበው፣ ዘጠኙ ሴቶች ከኋላዋ ሹራባቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ መሥራት ይፈቀድ አይፈቀድ ስላላወቁ እጃቸውን ሰብስበዋል። «ሥርዓት የለሽ ሴቶች» የሚለው ጋ ሲደርስ ቤቲ አንገቷን ደፋች። ሄስተርም በልቧ ሱቁን ዘጋችው። ክሩን ለማን እንደምትሰጥ ሁሉ አስባ ጨርሳ ነበር።

«ደግነቱ ሙሪዬ፣ ሰውየው ቅን ናቸው። ቅን ሰው ደግሞ መናገር ሲጀምር የት እንደሚያቆም አያውቅም። "ጫጫታው ይረብሸኛል" ብለው ቢቀመጡ ያልቅ ነበር። እሳቸው ግን ለራሳቸው መቼ አስበው ያውቃሉ? "የእነዚህ ሴቶች ዘፈን እንግዶቼን እንቅልፍ ይነሣቸዋል" አሉ። ሰብሳቢው "የምን እንግዶች?" አላቸው። "አሥራ አራት ድመቶች ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው ሽርሽር ሲሄዱ እኔ ዘንድ በክፍያ ያርፋሉ" አሉ። አፍ ሙሉ! ደረት ተነፍቶ!

«ያቺ ናዝሚን ትዝ ትልሻለች? ከፈቃድ ክፍል የመጣችው፣ ጥግ ይዛ ስትጽፍ የነበረችው ልጅ? እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና አለችና፣ ማር በሚያስንቅ ድምፅ "ጌታዬ፣ የድመት ማሳደሪያ ፈቃድዎ ቁጥሩ ስንት ነው?" አለቻቸው... ከቤቲ ጭን መርፌ ቢወድቅ መድፍ የተተኮሰ መሰለኝ። ለካ እኚህ ሰው የሰውን ፈቃድ ሲጠብቁ የራሳቸውን ማውጣት ረስተውት ኖሯል። ትሕትና ማለት ይሄ አይደለም እንዴ? "ለኔ" ሳይሉ ሁሉን ለሰው! ደግሞ ሲደነግጡ እንዴት ቀለማቸው ያምራል... ልክ እንደ ማስታወቂያዬ። ፈዛዛ።»

ሙሪየል መሐረቧን አፏ ውስጥ ልትጠቀጥቀው ደረሰች። ሁለት ወንበር ፊት የተቀመጡ ሴትዮ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው ጆሮ መስጠት ጀመሩ። ሄስተር ይህን ስታይ ድምፅዋን ትንሽ ጨመረችላቸው።

«እኔማ ያኔውኑ ተፈቀደልኝ። ሲዘፈን መስኮቱ ይዘጋ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ መሸጥ ይቁም አሉ። ይኸው ነው። የእሳቸው ግን ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሆነ፤ ተቆጣጣሪ ብቻ መሰለሽ? ከእንስሳት ሐኪም ጋር! ክፍሎቹን ለኳቸው። አዲስ ማስመሪያ መግዛት አላስፈለጋቸውም፣ ከቤቱ አላጡም። ድመቶቹ የሚተኙበት ሳጥን... ሳጥን ልበል ወይስ የክብሪት ቀፎ? አንዷ ብርቱካንማ ድመት ዞራ ለመተኛት መጀመሪያ መውጣት ነበረባት አሉ። ወጥታ፣ ዞራ፣ የኋሊት ትገባለች። እኔ ይሄን ስሰማ ጥበት ነው አላልኩም። ሥርዓት ነው አልኩ! ጭራ እንኳ ያለ ፈቃድ የማይወዛወዝበት ቤት...

«አሥሩን ድመት ለየባለቤታቸው መለሱ፣ ለአራቱ ክፍሉን አስተካከሉ፣ ፈቃዱንም አገኙ። ከአምስት ኮከብ አንድ ኮከብ ተሰጣቸው። አንድ! ሕጉ ደግሞ መጪው ሁሉ እንዲያየው ለጥፉት ይላል። የኔ ሰማያዊ ወረቀት ሲወርድ የእሳቸው ተሰቀለ፤ መንገዱ ወረቀት አላጣም። ይሄ ሁሉ ሰው ኮከብ በኮከብ ልሁን ሲል፣ በአንዲት ኮከብ መርካት ማን ይችላል? እኔ ከርሳቸው ጋር ኮከባችን አልገጠመም እል ነበር። በከንቱ አማኋቸው ሙሪዬ። ለካ ነገሩ የኮከብ እጥረት ነው!»

ከኋላ የመውረጃው ደወል ተደወለ። ገበያው ገና ሁለት ፌርማታ ይቀረዋል። ሰውየው የድመት ምግብ የያዘ ከረጢቱን አቅፎ ተነሣ። የኮቱ ክርን ተበልቷል፤ ያንንም በማይመሳሰል ክር ራሱ እንደጠቀመው ያስታውቃል። ሄስተር በዓይኗ ጠርዝ አየችውና ሆዷ ባባ። ይህን ሰው ማን ይጠብቀዋል? በዚህ ዝናብ ሁለት ፌርማታ ሙሉ ሊሄድ ነው፣ በእሷ አፍ ምክንያት። ሐሙስ ና፣ ክርንህን ልሥራልህ ልትለው ዳዳት። እንዲያውም አፏን ከፍታ ነበር።

ሰውየው ግን በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከሹፌሩ ራስ በላይ የተለጠፈችውን፣ አውቶቡሱ ስንት ሰው እንዲጭን እንደተፈቀደለት የምትናገረውን ትንሽ ጽሑፍ አያት። መነጽሩን አወጣ። ዞረና ተሳፋሪውን በጣቱ ይቆጥር ጀመር። ከፊት ጀምሮ፣ አንድ በአንድ። ጣቱ ሙሪየል ላይ ደረሰ፤ ሄስተር ላይ ደረሰ፤ ከዚያ ማስታወሻ ደብተሩን ከኪሱ መዘዘ።

የሄስተር ሆድ እንደነበረ ተመለሰ። ፊቷ ላይ ግን ፈገግታዋ እንደ ቀለጠ ቅቤ ፈሰሰ።

«ሙሪዬ፣ እግርሽን ሰብሰብ አድርጊ... ትልቅ ሰው እየወረዱ ነው። አይ እሳቸው! ለሰው ብለው፣ ለእንስሳ ብለው፣ አሁን ደግሞ ለአውቶቡስ ብለው በዝናብ ሲንገላቱ... እግዜር ድካማቸውን ይቁጠርላቸው። ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ። በወዲያኛውም ዓለም፣ ሳይሰፋ ሳይጠብ፣ ልክ ልባቸውን የሚያክል ቤት ያዘጋጅላቸው! አሜን በይ እንጂ፣ ሙሪዬ!»