ቅዳሜ የተማርነው

(በአንዲት የጣና ዳር ከተማ። በእድሩ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ የስኳር ሕሙማንን የምታስተምረው ነርስ አያልነሽ፣ ከትምህርት የቀሩትን እትዬ ይታይሽን ቤታቸው መጥታ እግራቸውን እያየች ነው።)

አያልነሽ፦ እትዬ፣ አይዋሹኝ! መርፌውን የሚወጋ ሰው ጣቱ እንዲህ አይጠቁርም።

ይታይሽ፦ ኧረ እወጋለሁ። ጠዋት ማታ!

አያልነሽ፦ ታዲያ ስኳሩ ለምን ሰማይ ነካ?

ይታይሽ፦ እኔ ምን አውቄ፣ እሱኑ ጠይቂው።

አያልነሽ፦ እስቲ የኢንሱሊኑን ብልቃጥ ያሳዩኝ።

ይታይሽ፦ ማሰሮው ውስጥ ነው። እንዳይሞቅ እንዳስተማርሽን እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብሬዋለሁ፤ አትነካኪው።

አያልነሽ፦ ማሰሮውን ስገባ አይቼዋለሁ። ባዶ ነው።

ይታይሽ፦ ውይ! የሰው ጓዳ ትበረብሪያለሽ? እናትሽ እንዲህ ነው ያሳደገችሽ?

አያልነሽ፦ ይቆጡኝ ግድ የለም። ለማን ሰጡት?

ይታይሽ፦ ለትርንጎ።

አያልነሽ፦ ለጎረቤትዎ ልጅ?

ይታይሽ፦ መድኃኒት ቤቱ “አልመጣም” ካለ ወዲህ እናቷ ያላንኳኳችው በር የለም። መጨረሻ እኔ እግር ላይ ወደቀች። ምን ልበላት?

አያልነሽ፦ ተካፈላችሁታ! ግማሽ ግማሽ እኮ ሁለታችሁንም ይዟችሁ ይሄዳል!

ይታይሽ፦ እሱንማ አስተምረሽናል። ሙሉውን ነው የሰጠኋት።

አያልነሽ፦ ምን?!

ይታይሽ፦ ቀስ በይ፣ ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ልጅቷ ትሰማለች።

አያልነሽ፦ ምን ነካዎት እትዬ?

ይታይሽ፦ የልጆቹ ስኳር ያለ መርፌ ጊዜ አይሰጥም አላልሽም? የኛ የአሮጊቶቹ ግን ቀስ እያለ ነው የሚበላው አላልሽም?

አያልነሽ፦ ብያለሁ። ግን እንዲህ እንዲያደርጉ ነው?

ይታይሽ፦ ፊደል ባልቆጥርም ጆሮ አለኝ።

አያልነሽ፦ ራስዎን እንዲጠብቁ ነበር የደከምኩት!

ይታይሽ፦ በምን ልጠብቅ ልጄ? በጎመን? ትምህርቱማ ሞልቷል፤ መድኃኒቱ ነው የጠፋው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

አያልነሽ፦ ሆስፒታል እንሂድ። አሁኑኑ!

ይታይሽ፦ እነሱስ ጋ አለ?

አያልነሽ፦ እግርዎን ያዩልዎታል...

ይታይሽ፦ መድኃኒቱን ነው የጠየቅሁሽ።

አያልነሽ፦ የለም። ትናንት ደውዬ ነበር።

ይታይሽ፦ እንግዲያው አንዱን ብልቃጥ ለሁለት ሬሳ ምን ያካፍለዋል?

አያልነሽ፦ እያየሁዎት ዝም ልበል? አንጀቴ እንዴት ይችላል?

ይታይሽ፦ እኔስ የማልፈራ መሰለሽ? ውሃ ጥሙ ሲያቃጥለኝ ብቻዬን አለቅሳለሁ። ጠዋት በግድግዳው ሳቋን ስሰማ ግን መልሱልኝ የምልበት አፍ አጣለሁ።

አያልነሽ፦ ሲያልቅስ? ያ ብልቃጥ ሲያልቅ እሷስ ምን ትሆናለች?

ይታይሽ፦ እሱን አላስተማርሽንም።

አያልነሽ፦ (እግራቸውን በፋሻ እየጠቀለለች ታለቅሳለች።)

ይታይሽ፦ በይ አታልቅሺ።

አያልነሽ፦ ማነው የሚወጋት?

ይታይሽ፦ እኔው ነኝ። እናቷ መርፌ ስታይ ራሷ ይዞርባታል።

አያልነሽ፦ ዐይንዎ ደክሟል፤ ቢያበዙባት ይገድላታል። ከነገ ጀምሮ እኔ እወጋታለሁ።