ላይኛው ፎቅ ሲጠራው መካከለኛው ላይ የሚቆመው አሳንሰር

በእኛ ጊዜማ፣ ልጆቼ፣ እኔ እማውቀው አሳንሰር ጎንደር ላይ አንድ ነበር፤ እሱም አራዳ፣ ጣልያን ሠርቶት የሄደ ሆቴል ውስጥ። እና እሱን እሚጠግነው እኔ ነበርኩ፣ እኔው ታከለ። ምነው ትስቃላችሁ? እውነቴን ነው! ከኮላ ድባ መጥቼ፣ ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ ከቀረ አንድ ጣልያን ዘንድ የኤሌክትሪክ ሥራ ተምሬ፣ ሰውየው ወደ አገሩ ሲገባ አሳንሰሩ ለእኔ ቀረ።

ሆቴሉ ምድር ቤት፣ መካከለኛ ፎቅ፣ ላይኛ ፎቅ አለው። በየፎቁ ግድግዳ ላይ መጥሪያ ቁልፍ አለ፤ ስትጫኑት ከጎኑ ቀይ አምፖል ትበራለች፣ "ሰምቻለሁ፣ መጣሁ" ማለቷ ነው። ታዲያ ሣጥኑ ይመጣል። ሸጋ ነገር ነበር።

እና አንድ ጥር ላይ ከመካነ ብርሃን እሜቴ ወርቄ የሚባሉ ትልቅ ሴት፣ የልጅ ልጃቸውን ሊድሩ፣ በበቅሎ ቀናት ተጉዘው መጡ። የዘመዶቻቸው ቤት በሠርገኛ ሞልቶ ሆቴል አሳረፏቸው። የሆቴሉ ሹም ግራዝማች "እሜቴ፣ ጉልበትዎ እንዳይደክም ምድር ቤት ይረፉ" ቢሏቸው፣ "አይሆንም! ተራራ ለለመደ ሰው ምድር ቤት ምን ይሠራለታል? ላይኛውን ስጠኝ፣ ግንቡን ቁልቁል ልየው!" አሉ። ላይኛውን ሰጧቸው።

የመጀመሪያው ቀን ደህና አለፈ። በማግሥቱ እሜቴ ወርቄ ቁልፉን ተጫኑ፣ አምፖሏ በራች፣ ሣጥኑ ግን የለም። ቆሙ፣ ቆሙ፣ የለም። ለካ መካከለኛው ፎቅ ላይ ሄዶ ቆሟል። እዚያ ያረፈ አንድ ነጋዴ "እኔ ሳልጠራው ምነው ባዶውን እየመጣ ደጄ ላይ ይገተራል?" እያለ ያማትባል። ታዲያ ወሬው ተነዛ፣ አሳንሰሩ ጋኔን ገብቶበታል ተባለ።

እኔ ተጠርቼ መጣሁ። ላይ ወጥቼ ቁልፉን ብጫነው፣ መጣ። ደግሜ ብጫነው፣ መጣ። አሥር ጊዜ ብጫነው አሥሩንም መጣ! እና ምን አልኩ መሰላችሁ? "እሜቴ፣ ጠበቅ አድርገው አልተጫኑት ይሆናል።"

እንዴት አድርገው አዩኝ! "አንተ ልጅ" አሉኝ፣ "በዚህች ጣት ዕድሜዬን ሙሉ ጥጥ ስፈትል ኖሬ፣ ዛሬ መጫን አቃተኝ? መብራቱ በርቷል እኮ! ሰምቶኛል። ሰምቶ ነው እሚተወኝ!"

እኔም በልቤ "የባላገር ነገር" ብዬ ወረድኩ። አዎ፣ እንዲህ ብያለሁ። እኔ ራሴ የማን ልጅ ሆኜ!

ሐሙስ ዕለት እሜቴ ዘመድ ሊጠይቁ ሊወጡ አሁንም ተጫኑ፣ አሁንም አልመጣም። ተናደዱና በደረጃው ጀመሩት። ግማሽ ላይ ጉልበታቸው ከዳቸው፣ እዚያው ቁጭ አሉ። ያገኘቻቸው ዘውዲቱ ናት፣ የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ። እኔን ጠርታኝ ስደርስ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

"እሑድ እንዴት ነው እምወርደው?" አሉ። "ልጅቱ እናት የላትም። ያሳደግኋት እኔ፣ እምድራትም እኔ ነኝ።"

ግራዝማች "ምን ችግር አለ እሜቴ፣ አራት ጎልማሳ በወንበር አድርጎ ያወርድዎታል" ቢሉ፣ "እኔን? እንደ ሬሳ? በልጄ ሠርግ ቀን? እምቢ!" አሉ። ግራዝማችም ወደ እኔ ዞረው "አንተ ታከለ፣ እሑድ ይኸ ነገር ካልሠራ ሰኞ እዚህ እንዳላይህ" አሉኝ። እኔን ግን ያቃጠለኝ የግራዝማች ቁጣ አልነበረም፤ ያች "አልተጫኑት ይሆናል" ያልኳት ነገር ናት።

ዓርብ ጧት ጀመርኩ። የቁልፉን ሆድ ከፈትኩ፣ ንጹሕ ነው። አምፖሏን ፈተሽኩ፣ ደህና ናት። ሞተሩ ካለበት ከምድር ቤቱ ሥር ወርጄ ሽቦ ማሰሪያውን ሁሉ በካቻቢቴ አጠበቅሁ። ሲሞከር ይሠራል፣ ጥዬው ስሄድ ይታመማል። ራሴን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ዘውዲቱ ወለል እየወለወለች "አያ ታከለ" አለችኝ፣ "እኔ የተማርኩ አይደለሁም፣ ግን ልንገርህ?"

"ንገሪኝ እንጂ!"

"ግራዝማች የቢሯቸውን በር በኃይል የዘጉ ለታ ነው እሚታመም። ሲረጋጉ እሱም ይረጋጋል።"

ሳቅሁ። ኋላ ግን ቆም አልኩ። የግራዝማች ቢሮ ምድር ቤት ነው፤ የመካከለኛውም የላይኛውም ቁልፍ ሽቦ ወደ ሞተሩ እሚወርደው በዚያው በበሩ ጎን ባለው ግድግዳ ውስጥ ነው! ታዲያ ምን አደረግሁ፣ ኃይሉን አጠፋሁና የሁለቱንም ሽቦ ጫፍ ከላይም ከታችም ፈታሁ፤ ከታች በሁለቱ መካከል ባትሪና ትንሽ ደወል አሰርኩ። ሽቦዎቹ ካልተነካኩ ደወሉ ዝም ማለት አለበት። ዝም አለ። "ዘውዲቱ፣ በሩን በኃይል ዝጊው!" ብዬ ጮህኩ። ጓ! አደረገችው። ደወሉ ጪርርር!

ሮጬ ወጥቼ ግድግዳውን ባየው፣ ምን ተሰቅሏል? የጃንሆይ ሥዕል! ትልቅ፣ ባለ ወርቅ ቀለም ክፈፍ። እሜቴ በገቡ ለታ፣ ለሠርገኛው እንዲታይ ብለው ግራዝማች ራሳቸው መዶሻ ይዘው የሰቀሉት። ምስማሩ በሁለቱ ሽቦዎች መሐል ለመሐል ገብቷል፤ በሩ ሲናጋ ሥዕሉ ይወዛወዛል፣ ምስማሩም ዘንበል ብሎ ሁለቱን ያገናኛቸዋል፣ ሌላ ጊዜ ሲናጋ ደግሞ ይለያቸዋል። ላይኛው ሲጠራ መካከለኛውም አብሮ ይጠራል፤ ሣጥኑ ደግሞ ቀድሞ ያገኘው ላይ ይቆማል።

"ግራዝማች፣ ሥዕሉ ይውረድ" አልኩ።

"ምን አልክ? ንጉሠ ነገሥቱ ይውረዱ ነው እምትለው? በእኔ ሆቴል? ሰው ሰማህ?" ፊታቸው ዐመድ መሰለ። አይፈረድባቸውም፣ የዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አያስቅም። ሁላችንም ግድግዳው ሥር ተገተርን።

እሜቴ ወርቄ ነገሩን ከዘውዲቱ ሰምተው ኖሯል፤ ደረጃው ራስ ላይ ቆመው "ግራዝማች!" አሉ። "ጃንሆይ ከአዲስ አበባ ጎንደር ሲመጡ ከዙፋናቸው ይነሳሉ አይደል?"

"ይነሳሉ እሜቴ።"

"ታዲያ ወረዱ ይባላል?"

"ኧረ አይባልም! መጡ ነው እሚባል።"

"እንግዲያው ከዚህ ግድግዳ ወደዚያኛው ግድግዳ መጡ በል። እናንተ ሴቶች፣ እልል በሉ!"

ዘውዲቱ እልልታውን አቀለጠችው፣ ወጥ ቤቶቹም ተከተሉ። ግራዝማች ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሥዕሉን በሁለት እጃቸው ታቅፈው፣ ቀስ ብለው ተሻገሩ። ነጋዴውም ሳይቀር አጨበጨበ። እኔ ምስማሩን በፒንሳ ነቀልኩ፣ ግድግዳውን ትንሽ ፈልፍዬ የተላጡትን ሽቦዎች ለየብቻ በናስትሮ ጠቀለልኩና እንደ ነበሩ አሰርኳቸው።

ከዚያ ላይ ወጥቼ እሜቴን ጫማቸውን ሳምኩ። "ይማሩኝ፣ እርስዎ ተጭነውታል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁ" አልኳቸው።

"ተነሥ" አሉ፣ "ይኸን እንኳ ማለትህ ሸጋ ነው።"

እሑድ ጧት ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ካባ ደርበው፣ በራሳቸው ጣት ተጫኑ። አምፖሏ በራች። ሣጥኑ መጣ። ብቻቸውን፣ ቀጥ ብለው ወረዱ፤ ታች ሙሽራይቱ ቆማ ትጠብቃቸው ነበርና ሁለቱ ተቃቅፈው ሲላቀሱ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

እሜቴን ሊወስድ አብሮ የመጣው ሠርገኛ ታዲያ ይኸን ሣጥን አየና "እኛስ?" አለ! ሚዜው፣ አማቹ፣ የንስሐ አባቱ ሳይቀሩ አራት አራት እየሆኑ ሲወጡና ሲወርዱ፣ ሙሽራው መኪናው ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሲጠብቅ! ሃ ሃ ሃ! ሚዜዎቹ ሣጥኑ ውስጥ ሆነው ይዘፍናሉ፣ ዘፈኑ ከላይ ይጀምርና ታች ያልቃል።

እና እኔ እምላችሁ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ እሚል ሰው ካቻቢቴውን ከማውጣቱ በፊት ጆሮውን ያውጣ። እዚያ ቆሞ የጠበቀው ሰው ያውቃል፣ እዚያ ወለል እምትወለውለው ታውቃለች።

"ሙሽራውስ? ስንት ሰዓት ጠበቀ?" ትሉኛላችሁ፣ ልጆቼ?

ሙሽራው? እሱማ ሲሰለቸው መጥቶ ተሰለፈ!