የእሳቱ ቀን ጥፊ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከሆሳዕና ወደ ሶዶ በሚሄድ አውቶቡስ ከፊቴ አንዲት ሴትና አሮጊት አክስቷ ተቀምጠው ያወራሉ።

"አክስቴ፣ ልጅ ሳለሁ ቤታችን የተቃጠለ ቀን እርስዎ በጥፊ መትተውኛል።"

"ጥጃዬን ላውጣ ብለሽ እሳቱ ውስጥ ልትገቢ ስትይ ነዋ።"

"ስንት ዓመት ትዝ የሚለኝ ጥፊው ብቻ ነበር። ይጠሉኛል እል ነበር።"

"አሁንስ?"

"ባለፈው ልጄ ጎርፍ ውስጥ ሊገባ ሲል ጎትቼ መታሁት። እጄ ተንቀጠቀጠ። ያን ቀን የእርስዎም እጅ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ።"

"እስኪነጋ አላቆመም ነበር፣ ልጄ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አክስቴ። ዛሬ ያለሁት በእርስዎ ነው።"

"ጥጃሽን ግን አላተረፍኩልሽም።"

አዲሎ ላይ መውረድ ነበረብኝ፤ እኔም የልጅነቴን ጥፊ እያሰብኩ እጄን ጉንጬ ላይ እንዳደረግሁ አውቶቡሱ አዲሎን አልፎ ሄደ።