የጠጅ ቤቱ ጭራቅ

ጣልያን ከወጣ ወዲህ የትክል ድንጋይ ከተማ ሰው አርበኛና ባንዳ እየተባባለ ሰላምታ እንኳ ቀርቶ ነበር። ታዲያ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊው አያ መርሻ ጠጅ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጭራቅ ሣለላችሁ፤ አፉ ጥማድ በሬ ከነቀንበሩ ይውጣል! ምላሱ ላይ ደግሞ አንድ አርበኛና አንድ ባንዳ ፊት ለፊት ተፋጠው ይሰዳደባሉ።

መቼም ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በጎኑ ባንድ ዓይን እንደሚሣል ሕፃን እንኳ ያውቃል። ከጠጪዎቹ አንዱ አርበኛ ጎራዴውን መዞ ተነሣ። "ጭራቁ ሁለት ዓይን፣ እኛ አንድ?" ባንዳ የነበረ ሌላ ጠጪም ዱላውን ይዞ አጠገቡ ቆመ። "ምነው አያ መርሻ! ከጭራቅ አነስን?" እኔማ ከጋኑ ኋላ ተወሽቄ፣ በሐሳቤ የአያ መርሻን ተዝካር በልቼ ጨርሻለሁ።

እሱ ግን ቀለሙን እንኳ አላስቀመጠም። "ፊት ለፊት ተፋጣችሁ ሁለተኛውን ዓይን ከየት ላምጣው? አሁን እንደቆማችሁት ጎን ለጎን ሆናችሁ ወደኔ ካያችሁ፣ ከምላሱ አውርጄ ሁለት ሁለት ዓይን አደርግላችኋለሁ።"

ሰዎቹ ተያዩ። ጎራዴው ወደ አፎቱ ተመለሰ። "በል እንግዲያ ሣለን፤ ጢሜን ሸጋ አድርገው" አለ አርበኛው።

አንገቴን ብቅ አድርጌ "ጭራቁስ ምን ይብላ?" አልኩ።

"ጾሙን ይደር!" አሉኝ ሁለቱም ባንድ አፍ።