በማኅደር የተሰቀለው የሳይንስ መጽሐፍ

መሪጌታ አስናቀ ንፋስ መውጫ ገበያ ወጥተው ጨውና ሳሙና ሸምተው የመመለሻ ባጃጅ ሲጠብቁ፣ የልጅ ልጃቸውን የልዕልትን አስተማሪ፣ መምህርት ጽዮንን አገኟት። ሰውየው በቤተ ልሔም ደብር ድጓ የተባለውን የዜማ መጽሐፍ የተማሩ፣ ቃላቸው ከመሐላ በላይ የሚታመን ናቸው። ግትርም ናቸው፤ ግትርነታቸው መልካም ስለሚመስል የሚነግራቸው አልተገኘም እንጂ።

«እንዴት ዋሉ የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተማሪዎቹ እንዴት ናቸው ልጄ?»

«እሱን ልጠይቅዎ ነበር። ለልዕልትና ለሁለቱ የጎረቤት ልጆች በጋራ የተሰጠው የሳይንስ መጽሐፍ ጠፋ እንዴ? ሦስቱም ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ። ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለ፤ በዚህ አያያዝ መውደቃቸው ነው። ከወደቁ ደግሞ ትምህርቱ እዚሁ ላይ እንዳይቀር እፈራለሁ።»

የመሪጌታ ደም ፈላ። «ጠፋ? በእኔ እጅ ገብቶ? ድጓዬን ከቆዳ ማኅደሩ አውጥቼ እሱን ከትቼ፣ ከምሰሶው ላይ ሰቅዬዋለሁ! አይጥ አይደርስበት፣ ልጅ አይነካው!»

ጽዮን ሳቋ መጣ፤ ዋጥ አደረገችው። «ታዲያ መቼ ያነቡታል?»

«ርእሰ መምህሩ ‹በተረከባችሁት መልኩ ትመልሳላችሁ› አላለም? ወላጆቹም ‹የኔታ ያስቀምጡልን› ብለው አደራ ጣሉብኝ። አምና መጽሐፍ ያስቀደደ አባት በሰው ፊት ሲገሠጽ አይቻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ አደራ በላ ልባል?»

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። መሪጌታ መጽሐፍ በብዙ ድካም እንደሚገኝ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ አክብሮታቸው በዛና መጽሐፉን ከአንባቢው ሸሸጉት።

«አደራዎ መጽሐፉ ብቻ ነው? ልጆቹስ?» አለች ጽዮን።

«ልጅማ በቃሉ ይማራል! እኛ ከለበስነው ደበሎና ከለመንነው ኮቸሮ በቀር ምን ነበረን?»

«ድጓውንም በቃልዎ ብቻ ተማሩት?»

«ድጓውንማ በእጄ ጽፌ ነው።»

«ከምን ላይ ገልብጠው?»

«ከመምህሬ ድጓ ላይ ነዋ! ከግድግዳ ላይ ይገለበጣል?»

«መምህርዎስ ‹ይቆሽሽብኛል› ብለው ሰቅለውት ቢሆን ኖሮ?»

ባጃጅ መጥቶ ሄደ፤ መሪጌታ አልተሳፈሩም። የመምህራቸው ድጓ ታያቸው፤ ቅጠሉ ሁሉ በተማሪ ጣት የጠቆረ ነበር። ያንን ጥቁረት ነውር ያለው ሰው አልነበረም። አፈሩ።

«ቢቀደድስ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«በላስቲክ እንለብደዋለን፤ ልጆቹም እጃቸውን ታጥበው ይንኩት። አንዱ ሲያነብ ሁለቱ ዋና ዋናውን በደብተራቸው ይጻፉ። እንዲያም ሆኖ ከተቀደደ ይለጠፋል፤ ያለፈ የትምህርት ዘመን ግን አይለጠፍም የኔታ።»

«እንግዲያውስ ልጆቹን ማስጠናቱን ለእኔ ተይው። ብዙ ተማሪ በአንድ መጽሐፍ ዙሪያ ሰብስቦ ማስቀጸልማ የእኔ ሙያ ነው!»

በማግስቱ መጽሐፉ ከምሰሶው ወረደ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በመሪጌታ ደጅ ተሰብስበው ያነባሉ፤ ይገለብጣሉ። ሽማግሌው ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቁት የለም፤ ጆሯቸው ግን የሰላ ነውና አንባቢው ቃል ሲዘል «ተመለስ!» ይላሉ። ልዕልትም በክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ጀመረች።

ፈተናው አልፎ በትምህርት ቤቱ የመጽሐፍ ርክክብ ቀን ደረሰ። የብዙ ወላጅ መጽሐፍ እንደ አዲስ እያብረቀረቀ ተደረደረ። የመሪጌታው ጠርዙ ጠቁሯል፤ ጀርባው ተለጥፏል። ተረካቢው ፊቱን ቋጠረ።

«የኔታ፣ ይኼማ አርጅቷል።»

«አርጅቷል» አሉ መሪጌታ፣ ቀና ብለው። «ሦስት ልጆች ተምረውበት ነው ያረጀው። አንዱ መጽሐፍ ለሦስት ቤት በቃ፤ ልጆቹ እርስ በርስ መተራረም ለመዱ፤ የገለበጡት ደብተር ደግሞ ለታናናሾቻቸው ይተርፋል። ልትገሥጹኝ ብትፈልጉ ይኸው ቆሜያለሁ። ወገኖቼ፣ እኔም ሰቅዬው ነበር። ይኼን ንጹሕ መጽሐፍ ያመጣችሁ፣ ልጆቻችሁ ምን አንብበው ተፈተኑ?»

ርእሰ መምህሩም ያችን ‹በተረከባችሁት መልኩ› ያላትን ቃል ዳግም አላነሣትም።

ሰባተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ያለቻት የሻረግ ከኋላ ተነሣች። ቅድም ያስረከበችውን፣ አንድ ቅጠሉ እንኳ ያልታጠፈውን መጽሐፍ ከክምሩ መዝዛ አወጣች።

«ምነው?» አላት ተረካቢው።

«ልጄ ገልጣው አታውቅም» አለች የሻረግ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ክረምቱን ታንብበው። አርጅቶ ይመለስላችኋል።»